በሞተ ሕፃን መቅናት

ይድረስ ለምወድሽና ላኮረፍኩሽ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደም ግፊት ክኒንሽን በየጠዋቱ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬ እንኳ ደህና ነኝ» እያልሽ ትዘያለሽ? እህልስ በአፍሽ ይዞራል? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም የጭነት መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነው፤ ሲደውል «እማማን ሳሚልኝ» አለኝ። ሚጢጢም ደህና ናት። ስለ እሷ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ደህና ናት።

በስልክ የማላወራሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወንድሜ ቤት ስልክ የሚነሳው ድምፁ ተለቆ ነው። አንቺ «ሃሎ» ስትዪ እሱም፣ ሚስቱም፣ ሠራተኛዋም ይሰማሉ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊ፣ በርሽን ዝጊና ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ ብትቀዳድጂውም ብታስቀምጪውም ያንቺ ፈንታ ነው።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ቀንቻለሁ እማዬ። የቀናሁት ደግሞ በሞተ ሕፃን ነው። ስታነቢው ይዘገንንሻል፣ እኔም ስጽፈው እጄ ከብዶኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የወንድሜ ልጅ ጌታው፣ አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ እኔ አክስቱ ቀናሁበት።

በወንድሜ መቅናትማ የቆየ በሽታዬ ነው፤ ተላምደናል። ልጆች ሆነን እሱ ካስነጠሰ መስኮት ይዘጋል፣ ወተት ይፈላል፣ አባዬ ከሥራ ይጠራል። እኔ በትኩሳት ስቃጠል «ተኝተሽ ተነሺ፣ ይለቅሻል» ትዪኝ ነበር። ይለቀኝም ነበር። ክፋቱ እሱ ነው፣ ሁልጊዜ ይለቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ባይለቀኝ ኖሮ አጠገቤ ትቀመጪ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

አምና እኔና የወንድሜ ሚስት በአንድ ሰሞን አረገዝን፣ በአንድ ሰሞን ወለድን። ሚጢጢ በጊዜዋ መጣች፤ ወፍራምና ጯሂ። ስሟ ከምኗም ጋር አይሄድም፣ አባቷ ነው ያወጣላት። ጌታው ግን ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ፤ ጣቶቹ የክብሪት እንጨት ያክሉ ነበር። አንቺም አልጋሽን ነቅለሽ ወንድሜ ቤት ገባሽ። እኔን ልትጠይቂ የመጣሽው ካፖርትሽን ሳታወልቂ ነው። ልጄን ከላይ አየት አድርገሽ፣ እጅሽን ሳትዘረጊ፣ «ጤነኛ ናት፣ እግዜር ይመስገን» ብለሽ ወጣሽ። ያኔ ዋጥኩት። እሱ ትንሽ ነው፣ ሰው ያስፈልገዋል አልኩ።

ሥራ የተመለስኩት ወገቤ ሳይጠና ነው። አሠሪዬን ታውቂያታለሽ፤ ምላሷ ልብስ ከምተኩስበት ላውንደሪዋ ካውያ ይብሳል። ልጅ ታቅፌ ስገባ አየችኝና «ካለቀሰች ሁለታችሁንም አስወጣለሁ» አለች። በማግስቱ ግን የንጹሕ አንሶላውን ትልቅ ቅርጫት ባዶ አድርጋ በመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር አኖረችላት። ሚጢጢ እዚያ አደገች፤ እንፋሎቱ እየሞቃት፣ አንዱን ሸሚዝ ጨርሼ ሌላውን እስክጀምር ጡቴን እየጎረሰች።

እሁድ እሁድ ወንድሜ ቤት ስመጣ የጌታውን ክፍል አየው ነበር። ማሞቂያ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ለሚገባ ሰው ሁሉ የእጅ ሳሙና። እናቱ እንኳ ልታነሳው ስትል «ቆይ፣ እኔ» ትያለሽ። ምስኪን፣ በገዛ ልጇ እንግዳ ሆና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትል ነበር። ሚጢጢ ስታለቅስ ግን ዞር የሚል የለም። አንድ ጊዜ «እስቲ ያዢልኝ እማዬ» ብልሽ፣ «ሴት ናት፣ ትችለዋለች» አልሽኝ። ምኑን ነው የምትችለው? አንገቷ እንኳ ገና አልጠናም ነበር።

ከዚያ ያ ጉንፋን መጣ። በዚያ እሁድ ቤታችሁ ውስጥ ያላሳለ አልነበረም፤ የወንድሜ እንግዶች፣ ጎረቤቱ፣ እኔም ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ሳይውል ሳያድር ሁለቱም ሕፃናት ያስሉ ጀመር። አንቺ ግን ሚጢጢን «ይቺ ናት ያመጣችበት» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ወሬ እግር አለው፣ እኔ ጋ ለመድረስ አልዘገየም።

ሚጢጢ ጡት እምቢ ባለች ጠዋት ደወልኩልሽ። ባለቤቴ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ የወንድሜን መኪና ላኪልኝ አልኩሽ። አንቺም ጌታውን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሐኪም እየወጣችሁ እንደሆነ ነገርሽኝ፤ የመጀመሪያው ሐኪም አላረካችሁም። «ስንመለስ ይመጣልሻል፤ አይዞሽ፣ ሴት ናት…» አልሽ። የቀረውን በልቤ ጨረስኩልሽ።

ልጄን ታቅፌ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ያለፈው መኪና ሁሉ የናንተ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ጎድኗ በየትንፋሿ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ የከንፈሯ ዳር ሲጠቁር አየሁና ለአሠሪዬ ደወልኩ። ያቺ ምላሰኛ ሱቋን ዘግታ፣ የደንበኛ ልብስ የሚያመላልሰውን መኪና ራሷ እየነዳች መጣች። ኋላ ከተሰቀሉት ኮቶችና ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ መሃል ቁጭ ብዬ፣ እሷ መንገድ የዘጋባትን ሁሉ እየተሳደበች፣ ሆስፒታል ደረስን።

የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ልጄን ከእጄ ነጥቃ ኦክስጅን አደረገችላት፣ መርፌ ወጋቻት። ነገሩ ሲረጋጋ ወደ እኔ ዞራ «ለምን ዘገየሽ?» አለችኝ። መኪና እየጠበቅኩ ነው አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ደክሟት ነው መሰለኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ሲወለዱ ቶሎ የሚደክሙት ወንዶቹ ናቸው» አለችኝ። «በተለይ ቀኑ ሳይደርስ የመጣ ወንድ ሳንባው አይደርስለትም፤ ሁሉን አድርገንም ያመልጠናል። ሴቶቹ ጠንከር ብለው ይመጣሉ። ግን ጥንካሬያቸው ጠላት ሆነባቸው። ወንዱን ገና ሲያስል ያመጡታል። ሴቷን ትችለዋለች ብለው ያቆዩዋትና ጉልበቷን እቤት ጨርሳ እኔ ጋ ትደርሳለች።»

ያንቺን ቃል፣ አይታሽ ከማታውቅ ሴት አፍ ስሰማው ክው አልኩ።

ልጄ ቀስ በቀስ መተንፈስ ቻለች። አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ሆኜ ስልኬን አየው ነበር፤ አልደወልሽም። ጌታው ትልቁ ሆስፒታል የግል ክፍል ይዞ እንደተኛ፣ አንቺም ከጎኑ እንደማትነሺ ወንድሜ በአጭሩ ነገረኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ታሞም ቀናሁበት። የማትነሺለት ልጅ በመሆኑ።

ሚጢጢ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ጌታው አረፈ።

ለቅሶ የደረስኩት ልጄን አዝዬ ነው፤ የምተዋት ሰው የለኝም። ያለቀስኩት ከልቤ ነው እማዬ፣ ለዚህ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። የወንድሜ ሚስት ሕፃን አይታ እንዳይብስባት ብለው ሴቶቹ ወደ ጓዳ ገፋ ገፋ አደረጉኝ። እሷ ግን የሚጢጢን ድምፅ ሰምታ ተነስታ መጣች። «ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት። አናቷን አሸተተች፣ ብዙ ቆይታ፣ ከዚያ መለሰችልኝ። ጥቁር ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ለልጄ እጇን የዘረጋችው እሷ ብቻ ናት።

አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ታይን ነበር። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽና «ዛሬም ሴቷ ቀረች» አልሽ። ቀስ ብለሽ ነው ያልሽው፤ ግን ሰማሁ። ልጄን ጠቅልዬ ጫማዬን በትክክል ሳላደርግ ወጣሁ።

ምነው እሷ በሄደች ማለትሽ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ቅናቴ ድንበር አጣ። አንድ ቀን የተኮስኩልሽን ጥቁር ልብሶች ላደርስ መጣሁ፣ ታስታውሻለሽ? ሚጢጢ ከጀርባዬ ሆና እጇን ዘረጋችልሽ። ሕፃን ምን ታውቃለች፣ ፊት ታያለች ትዘረጋለች። አንቺ ወደ ኋላ ሸሸሽ። ልብሱን ተቀበልሽኝና ሳሎኑ ላይ የተሰቀለውን የጌታውን ፎቶ በነጠላሽ ጫፍ ትወለውይ ጀመር፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። ያን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ላዞረው እጄ ተነስቶ ነበር። የወንድሜ ሚስት ከጓዳ ብቅ ባትል ኖሮ አደርገው ነበር።

ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል፣ አክስቱ ነኝና። «እንኳን ልጅሽ ተረፈችልሽ» ያለኝ ግን አልነበረም። እሷም እኮ ከሞት አፍ ነው የወጣችው! አንድ ሕፃን ሞቶ እንዲህ ከተወደደ፣ ያለችው ምን ብታደርግ ነው ዞር ብለሽ የምታያት? እንድታቅፊያት እሷም መሞት አለባት? ለባለቤቴ በስልክ ይህን ስለው «አሁን ከሕፃን ጋር፣ ያውም ከሟች ጋር ትጣያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን እሱም አባቷ ነው፣ ሳቁ አልዘለቀለትም።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ፣ ታናሽ እህትሽ፣ መጋረጃዎቿን ልታሳጥብ ላውንደሪው መጣች። ሚጢጢ የጠረጴዛውን እግር ይዛ ቆማ ነበር። አዎ፣ መቆም ጀምራለች፣ አልነገርኩሽም። አክስቴ ስታያት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ እንባዋ መጣ። እኔም የቋጠርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ለቅሶ ቤት ያልሽውን ስነግራት መጋረጃው ከእጇ ወደቀ።

«‹ዛሬም› አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት።

«‹ዛሬ› ነው ወይስ ‹ዛሬም›? ‹ም›ዋን ሰምተሻል?»

እውነትም ሰምቼያት ነበር፤ ግን ለምን እዚያ እንደገባች አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ወሬ የማያድርባት አክስቴ፣ ይህን አንድ ነገር ስንት ዘመን እንዴት አድርጋ እንዳሳደረችው አላውቅም።

የበኩር ልጅሽ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። ብቻዬን እንዳልመጣሁ ግን የነገረኝ አልነበረም። አክስቴ የወደቀውን መጋረጃ አንስታ ጭኗ ላይ እያጣጠፈች ነገረችኝ። «መንታ ነበራችሁ። ወንዱ ቀድሞ ወጣ፣ አንቺ ተከተልሽ። ሁለታችሁም ያለ ቀናችሁ፣ ሁለታችሁም ጭብጥ የማትሞሉ። አባትሽ ለሥራ ርቆ ነበር፤ ቤቱን የያዘችው እናቱ ናት። ለአራሷ ሳህን የሚቀርበው በስስት ነው። እናትሽ ራሷ ልጅ ናት፣ ወተቷ አልወርድ አለ። አማቷም ‹ወንዱ ይጥባ፣ እሷ ከቆየች ትቆይ› አለች። አንቺን በጨርቅ ጠቅልለው ግድግዳው ሥር አስተኙሽ። የስኳር ውኃ በማንኪያ ጠብ ያደርጉልሽ ነበር።»

እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ያቺ አያቴ አሁንም ከልብሶቹ ኋላ ቆማ የምትሰማን ይመስል። «አሮጊቷ ገበያ ስትወጣ በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። እናትሽ ከግድግዳው ሥር ታነሳሽና ታጠባሽ ነበር። ‹ቶሎ በይ የኔ እናት፣ ቶሎ በይ፣ ሳትመጣ› እያለች። ኮቴ ስሰማ አስላለሁ። ያኔ አፍሽን በቀሚሷ ጠርጋ መልሳ ታስተኝሻለች።»

ወንዱ ሞተ፤ እኔ ቀረሁ። አያቴም «ይቺ ናት ድርሻውን የበላችበት» አለች። አንቺም አመንሻት። አክስቴ እንደምትለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ስታዪ ዓይንሽ ከጎኔ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ወንድሜ ሲወለድማ ማንም ድርሻውን እንዳይነካበት ዘብ ቆምሽ።

አክስቴ ከሄደች በኋላ የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ አቃጠልኩ። አሠሪዬ አፏን ከፍታ ልትጀምር አለችና ፊቴን አይታ ተወችው። በማግስቱ ያቺን ረጅም ነርስ ፍለጋ ሆስፒታል ሄድኩ። የማን ታሪክ እንደሆነ ሳልነግራት ጠየቅኳት፤ ያለ ቀናቸው ከተወለዱ መንታዎች ሴቷ ተደብቃ ብትጠባ፣ በዚያ ምክንያት ወንዱ ይሞታል ወይ?

«ጡት በጠቡት ቁጥር ነው የሚመጣው» አለችኝ። «እሷ ስለጠባች የሱ አልጎደለም። ያን ያህል ሆኖ የተወለደ ወንድ፣ ሙቀት በሌለበት፣ ኦክስጅን በሌለበት፣ ሁለቱንም ጡት ለብቻው ቢይዝ እንኳ ይከብደው ነበር። የጎደለ ነገር ካለ የእናትየው ሳህን ነው። እሷን ነበር ማብላት።» ልወጣ ስል ጠርታኝ «ሴቷስ?» አለች።

«እያናገረችሽ ነው» አልኳት።

ሰማሽኝ እማዬ? ድርሻውን አልበላሁበትም። አንቺም አልሰረቅሽውም። ሚጢጢም ጉንፋኑን አላመጣችበትም። ጌታውም በአንቺ ቸልታ አልሄደም፤ ከዚያ በላይ ማንም ሊጠብቀው አይችልም ነበር።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ቦታ ነው የቀየረው። አሁን የምቀናው ግድግዳ ሥር በነበረችው ሕፃን ነው። እናቷ ለሷ ብላ ሰርቃለች፣ ለሷ ብላ ፈርታለች፣ «የኔ እናት» ብላታለች። ያቺ ሕፃን አንቺ ነሽ ይሉኛል፤ እኔ ግን ምኑንም አላስታውሰው። ይህን ሁሉ ዓመት ለወንድሜ «የኔ ጌታ» ስትዪ በሩ ሥር ቆሜ እየሰማሁ፣ ለኔስ መቼ ነው ስል ኖርኩ። ለካ ቀድሞ ደርሶኛል። ደርሶኝ ነው የተራብኩት።

እንግዲህ ነይ። ባለቤቴ ሲመለስ እልክልሻለሁ፤ ካልሆነም ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። የወንድሜንም ሚስት ይዘሻት ነይ፣ እዚያ ቤት ብቻዋን አትተያት፤ እሷም ልጅ ነው የሞተባት፣ የሁላችሁን ሐዘን ስታስተናግድ የራሷን አላዘነችም። ሚጢጢን ውደጃት ብዬ አላስገድድሽም። እጅሽ ላይ ላስቀምጣትና እኔ ወደ ውጭ እወጣለሁ። የፈለግሽውን ያህል ያዢያት። በር ላይ የሚመጣ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አክስቴን ብጠይቃት ረሳሁት አለች፤ ወይም ፈራች። የታላቄን ስም ንገሪኝ። ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪው? ልቅናበትም ከሆነ በስሙ ልቅናበት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ዕድሜሽን ያርዝመውና ሚጢጢ ስትሮጥ ተቆጥተሽ ጥሪያት። የወንድሜንም ቤት ዳግመኛ በልጅ ድምፅ ይሙላው፤ ወንድ ይሁን ሴት አልልም፣ የሚያድግ ይስጠው።

ናፋቂሽ፣
ከመንታ ልጆችሽ አንዷ